በግራ በኩል፣ ከዛፉ ሥር

«ጠርዙን የት ጣልከው? ሌላ አልጠየቅኩህም፤ ጠርዙን የት ጣልከው?»

«ባባ፣ የትም አልጣልኩትም። የተቀረጸው ሁሉ እዚያው አለ።»

«አለ? ጀልባዎቹስ? ወንዝ ቀርጬ ጀልባ ትቼ መጣሁ? ሙሽራዋን የሚሸኙት ሴቶችስ በየት ገብተው በየት ወጡ?»

ራፊዩ መልስ በሰጠ ቁጥር ወገቡን ሰብሮ በጣቶቹ መሬት ይነካል። እኛ ቤት ሲያድግ የተማረው አክብሮት ነው። አባቴ ግን ከፊቱ ቆሞ ሳለ ያን ሁሉ መጎንበስ ከቁም ነገር የቆጠረው አይመስልም ነበር።

«ካሜራ አያያዝ ማን አስተማረህ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ታዲያ የፊልሜን ግራና ቀኝ ሸልተህ ለማን ሸጥከው?»

«ኧረ ኦይዲራን፣ ሽጦት ቢሆን እስካሁን ጫማ ይገዛበት ነበር» አለ አያንታዮ ከበሩ አጠገብ፣ አባቴን በስሙ ጠርቶ። «እግሩን እይለት እስቲ። አውራ ጣቱ ወጥቶ ሰላም እያለህ ነው።»

አያንታዮ የአባቴ ከበሮ መቺ ነበር። በእኛ አገር ከበሮ መቺ ንጉሥንም ቢሆን መሸርደድ ይፈቀድለታል፤ አባቴም በእሱ ቀልድ ሳይስቅ የቀረበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ያን ቀን አልሳቀም። ካሴቱን ከማጫወቻው አውጥቶ ወደ ራፊዩ ወረወረው። ካሴቱ ራፊዩን ስቶ ግድግዳው ላይ አረፈ።

«ጨለማ ነው! ጨለማና ጠባብ! እንዲህ ያለ ነገር በስሜ ገበያ አይወጣም።»

እናቴ በዘይት ለምትጠብሰው አካራ የፈጨችው ባቄላ እጇ ላይ እንደተለጠፈ ከጓሮ ብቅ አለች። ካሴቱን አየች፤ ራፊዩን አየች፤ አባቴን ግን አላየችውም።

«የአቤኬ አባት፣ ልጁ እኮ ለእርስዎ ብሎ ነው ከኦሾግቦ የሚመላለሰው። አብርቶ ያመጣዋል። አታመጣውም፣ ራፊዩ?»

«አመጣዋለሁ፣ እማማ።»

እኔ ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ራፊዩን በጥላቻ አየው ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከፊልም ላይ ጠርዝ ሊሰረቅ እንደሚችል ለአፍታም አልተጠራጠርኩም። የወንዙን ዳርቻ ከነጀልባዎቹ ቆርጦ፣ እንደ ጨርቅ ጠቅልሎ ሱቁ ውስጥ የደበቀው ነበር የሚመስለኝ። ሲወጣ ቦርሳው ያበጠ መሆኑን ለማየት እስከ መንገዱ ተከተልኩት።

አባቴ በኤዴ ከተማ የቲያትር ጓድ ነበረው። ተዋናዮቹን በጭነት መኪና ጭኖ ከከተማ ከተማ ሲዞር ኖሮ፣ እኔ ከመወለዴ በፊት አንድ ፊልም ሠራ፤ «ጀልባው አልቆመም» ይባላል። ከዚያ በኋላ ሌላ አልሠራም። የሚሠራበትን ገንዘብ ሁሉ እዚያ ላይ ጨርሶት ነበር። የፊልሙን ጥቅሎችና ማሳያ ማሽኑን ይዞ በየትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነጭ አቡጀዲ እየሰቀለ ያሳይ ነበር። እሱ አንድም ቀን ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም፤ መጨረሻ ላይ፣ ከማሽኑ ጎን ቆሞ ነው የሚያየው። «ፊልም ከኋላ ነው የሚታየው» ይላል። «ከኋላ ካልታየ ፊልም አይደለም።»

በፊልሙ ባለታሪኳን የምትጫወተው እናቴ ናት። የታንኳ ቀዛፊ ባሏ ሌላ ሚስት ይዞ ሲሻገር፣ እሷ በወንዙ ዳር በግራ በኩል ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ቆማ ታየዋለች። አትጮኽም፤ አታለቅስም። የአያንታዮ ከበሮ ብቻ ይሰማል፤ ጀልባውም ሳይቆም ያልፋል። ኢባዳን ውስጥ ይህን ቦታ ያዩ ሴቶች ተነሥተው ቀዛፊውን በጫማቸው እንደመቱት፣ አቡጀዲውም እንደተቀደደ አባቴ ደጋግሞ ያወራ ነበር።

ከዚያ ሰው ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ ካሴት ማየት ጀመረ። አዳራሾቹ ባዶ ሆኑ። ተዋናዮቹ አንድ በአንድ ሄዱ፤ እናቴና አያንታዮ ቀሩ። ጥቅሎቹ በቆርቆሮ ጣሳቸው ውስጥ ሆነው ከወላጆቼ አልጋ ሥር ገቡ። ከዚያ ሥር የሚኮመጥጥ ሽታ ይወጣ ነበር፤ እናቴ ለአጥሚት በቆሎ የነከረች እየመሰለኝ መቼ ነው የምንጠጣው እያልኩ እጠብቅ ነበር። ዛሬ ያ ሽታ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ፊልም ሲሞት እንደዚያ ይሸታል።

ኦሾግቦ የቪዲዮ ሱቅ የከፈተው ራፊዩ መጥቶ ፊልሙን ወደ ካሴት እንገልብጠው ያለው ለዚህ ነው። ያኔ በየቦታው እንደሚደረገው፣ አንድ የትምህርት ቤት ክፍል መስኮቶቹን በምንጣፍ ጋርደው ፊልሙን አቡጀዲ ላይ አሳዩት፤ ራፊዩም ከፊቱ በቪዲዮ ካሜራ ቀረጸው። ፊልሙ እየተበጠሰ፣ በማጣበቂያ እየተቀጠለ ከቀትር እስከ ማምሻ ፈጀ። ሲያልቅ ራፊዩ ከማሽኑ ውስጥ አንድ እፍኝ ስብርባሪ እንደ ደረቀ የሙዝ ቅጠል ዘግኖ አወጣ።

«ባባ፣ ይሄ ከእንግዲህ በማሽን አያልፍም» አለ።

«አለፈ እኮ» አለው አባቴ። «አንዴ ካለፈ ይበቃል። አሁን ካሴቱ ውስጥ ነው።»

የቀረው ነገር አባቴ ካሴቱን አይቶ «ይውጣ» ማለት ብቻ ነበር። የእናቴ ፊት ያለበት የካሴቱ ልባስ እንኳ ታትሞ በጥቅል መጥቷል። አባቴ ግን «ይውጣ» አላለም። ራፊዩ ወስዶ ያበራዋል፤ ያመጣዋል፤ አባቴ ይመልሰዋል። የወንዙ ውሃ ቀለሙ ጠፋ ይላል። ከዚያ ሰማዩ። ከዚያ ጠርዙ። አንድ ጊዜ ቁጣው ከድቶት፣ የራፊዩን ሁለት እጆች ይዞ «ልጄ፣ እባክህ» ሲል ሰማሁት። «ያለህን ብርሃን ሁሉ ስጠው። ምን ትቆጥበዋለህ? ሌላ ፊልም የለኝም።»

እኔ ቴሌቪዥኑ ላይ የማየውን ሁሉ በግልጽ አይ ነበር። ግን የማየው ነገር ትክክል መስሎ አይሰማኝም ነበር። አባቴ ጨለማ ነው ካለ ጨለማ ነው። ፊልሙን የሠራው እሱ ነው፤ መሆን የነበረበትን የሚያውቅ እሱ ነው። እኛ የተረፈውን ነበር የምናየው።

በዚያው ሰሞን አባቴ ከከተማው ሁሉ ጋር ተጣላ። ወይም እኔ እንደዚያ ነበር የገባኝ። በመንገድ ስንሄድ ሴቶች ከጎን መጥተው ተንበርክከው ሰላም ሲሉት ቀጥ ብሎ ያልፋቸዋል። በእኛ ዘንድ ሰላምታ አለመመለስ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቤተሰብ ይለያያል። የምናውቃቸው የሽንኩርት ነጋዴ እማማ ሱኩራት ጉልበታቸውን እያራገፉ ተነሥተው፣ «ፊልሙ ካሴት ሊሆን ነው አሉ፤ ኩራቱ ቀድሞ ወጣ» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ከዚያ ጀምሮ እናቴ አብራው መሄድ አበዛች። «የአቤኬ አባት፣ እማማ ሱኩራት ሰላም ብለውዎታል» ትለዋለች ጮክ ብላ። ያኔ ዞሮ በምርቃት ያንበሸብሻቸዋል። ለምን እንደምትጮኽበት አይገባኝም ነበር፤ ጆሮው ደህና ነው።

ግቢያችን ውስጥ ደግሞ ዕቃ እግር አወጣ። አባቴ ከበሩ ጎን ያለውን እንስራ በእግሩ መትቶ ሰበረው፤ «ማነው እዚህ ያደረገው?» አለ። እንስራው እኔ ከማስታውሰው ጊዜ ጀምሮ እዚያው ነበር። እኔ ግን ጠላት አለን ብዬ አመንኩ። ጠርዙን የሰረቀው ሰው እንስራውንም ያንቀሳቅሳል አልኩ። ለብዙ ቀን ጠዋት ጠዋት እየተነሣሁ ዕቃዎቹ ከቦታቸው መነቃነቅ አለመነቃነቃቸውን አያለሁ። እናቴ አዲሱን እንስራ ወደ ጓሮ ወሰደችው።

አንድ ከሰዓት በኋላ እኔና እሱ ብቻ ቤት ነበርን። መብራት እንደመጣ ካሴቱን እንድከት ነገረኝ። ወንበሩን ከኋለኛው ግድግዳ ጋር አስጠግቶ ተቀመጠ። የአያንታዮ ከበሮ ሲጀምር ወደ ፊት አዘነበለ።

«አሁን» አለኝ። «አቤኬ፣ እናትሽ የት ናት?»

«በግራ በኩል፣ ከዛፉ ሥር።»

«የለችም።»

«አለች፣ ባባ።»

«ቆርጧታል እኮ! ራሷን ነው የቆረጣት! ጠርዙን ሲቆርጥ እሷንም—»

ተነሥቼ ሮጥኩ። ጣቴን ቴሌቪዥኑ ላይ፣ እናቴ ፊት ላይ አሳረፍኩት። መስታወቱ ሞቅ ያለ ነበር፤ ጸጉሬ ላይ ጭርጭር የሚል ነገር ተሰማኝ። «ይኸው!» አልኩት። «ይኸው፣ ይኸው፣ ይኸው!»

መጣ። በእጁ እጄን ፈልጎ፣ ክንዴን ይዞ እስከ ጣቴ ተከተለ። አፍንጫው መስታወቱን እስኪነካ ቀረበ። ራሱን ወደ ግራ አዞረ፤ ደግሞ ወደ ቀኝ። ጀልባው አለፈ። እናቴ ከዛፉ ሥር ቆማ ነበር፤ ትንሽ፣ ጥርት ያለች። ትንፋሹ ፊቷ ላይ ጉም ሠራ።

«አዎ» አለ በመጨረሻ፣ በጣም ዝቅ ብሎ። «አለች።»

ያሸነፍኩ መስሎኝ ዘለልኩ። እሱ ግን እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ። መብራት እስኪሄድ አልተነሣም። ከሄደም በኋላ አልተነሣም።

ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ኢባዳን አንዲት የዓይን ሐኪም አገጬን ከአንድ መሣሪያ ላይ አስደግፋ፣ «ከጎን በኩል ብርሃን ብልጭ ሲል ይህን ተጫኚ» አለችኝ። ተጫንኩ፤ ተጫንኩ፤ ከዚያ መጠበቅ ያዝኩ። «ዶክተር፣ መሣሪያው ቆመ መሰለኝ» አልኳት። «አልቆመም» አለችኝ። በሽታው ከዳር ዳር እየበላ እንደሚገባ፣ ሰውየው የጎደለውን ነገር እንደ ጥቁር ቀዳዳ እንደማያየው፣ ዓለም ራሷ የጠበበች እንደሚመስለው ነገረችኝ። ከዚያ ብዕሯን አንሥታ «በቤተሰብ ውስጥ ነበረ?» አለች።

እኔና እሱ ብቻችንን ካሴቱን ካየንበት ቀን ወዲህ አባቴ ባሰበት። ከእንግዲህ ማብራት ብቻ አይበቃም አለ። ጨለማው ካሴት እንዲደመሰስለት ፈለገ፤ የመጀመሪያው፣ ሌሎቹ ሁሉ ከእሱ የተገለበጡት ዋናው። «እሱ እያለ ነው የማይጠራው» አለ። «ከሥሩ ነው የሚበላሸው። እሱ ካልጠፋ ሌላውን አላይም።»

ራፊዩና እናቴ ጓሮ፣ ዘይቱ የሚንጫጫበት ምጣድ አጠገብ ቆመው ሲነጋገሩ እኔ ከማገዶው ኋላ ነበርኩ።

«እማማ፣ ከዚህ በላይ ካበራሁት ፊት አይቀርም።»

«የማን ፊት?»

«የእርስዎ ነው መጀመሪያ የሚጠፋው። አሁንም እኮ አፍንጫዎ ሄዷል።»

«ፊቴን እኔ አውቀዋለሁ። መስታወት አለኝ።» አካራውን በጭልፋ ገለበጠችው። «አብራው።»

«ዋናውስ?»

«እሱ ያለህን አድርግ።»

«እማማ፣ ሌላ የለም። ያበራሁትን ሁሉ በአንድ ካሴት ላይ ነው ደራርቤ የምቀዳው። ጥቅሉ አልቋል፤ እርስዎም አይተውታል። እሱን ከደመሰስኩ ፊልሙ የለም ማለት ነው። የእርስዎ ሥራ ነው። የባባ ዕድሜ ነው።»

እናቴ መልስ ከመስጠቷ በፊት አካራውን ሁሉ አውጥታ ጨረሰች።

«ራፊዩ፣ ሰውየው የሚለምነው ምን እንደሆነ አልገባህም? ጨለማው ከካሴቱ ይሁንለት። ይህን ያህል እንኳ ይደረግለት።»

ራፊዩ በክንዱ ፊቱን ሸፈነ። የጭሱ ነገር መሰለኝ። ከንግግራቸው የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቴ ከሌባው ጋር ተስማምታ የአባቴን ፊልም ልታጠፋ ነው። ሮጬ ሄጄ ከአባቴ ጉልበት ሥር ተቀመጥኩ። የምጠብቀው እኔ ብቻ እንደሆንኩ ተሰማኝ። ራሴን ሊዳብስ የዘረጋው እጁ መጀመሪያ ጆሮዬን አገኘ።

ዋናው ካሴት የተደመሰሰው እሱ ባለበት ነው። እንዳይቀዳበት ክዳኗ የተሰበረችውን የካሴቱን የጎን ቀዳዳ ራፊዩ በማጣበቂያ ሸፈናት፤ ከዚያ በላዩ ባዶ እንዲቀዳበት፣ ምንም ነገር ሳይሰጠው ማሽኑን ቅዳ አለው። አባቴ ካሴቱ ዞሮ እስኪያልቅ ድረስ መዳፉን ከማሽኑ ላይ አላነሣም። እንደ ሕፃን ደረት ነበር የያዘው። ሲቆም «አለቀ?» አለ። «አለቀ፣ ባባ» አለው ራፊዩ። እናቴ አላየችም፤ ጓሮ ልብስ ታጥብ ነበር። የታጠበውን ልብስ መልሳ ስታጥበው አየኋት።

አዲሱ ካሴት የመጣ ዕለት ፀሐይ ዘቅዘቅ እንዳለ ቴሌቪዥኑና ማጫወቻው ግቢ ወጡ። ጎረቤት ሁሉ ተጠራ። እማማ ሱኩራት እንኳ ኩርፊያቸውን ትተው መጡ። ሰው በምንጣፉና በግድግዳው ሥር እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ፤ ጄኔሬተሩ ከአጥር ውጭ ያጓራል። አባቴ ነጭ ሰፊ ልብሱን ለብሶ ወንበሩን እንደ ድሮው ከሁሉም ኋላ አደረገ። እናቴ ከአጠገቡ ቆመች።

ምስሉ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ ፊት ተሳበ። ቀጥሎ አንድ ሰው ሳቀ።

«ይሄ ፊልም ነው ወይስ የሐርማታን ነፋስ አቧራ?»

«አያንታዮ፣ አንተ የትኛው ነህ?»

«ነጩ ነኝ» አለ አያንታዮ።

«ሁሉም ነጭ ነው እኮ!»

«እንግዲያውስ ሁሉም እኔ ነኝ። አጨብጭቡልኛ!»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን ዞሬ አባቴን አየሁት። አልተቆጣም። ፊቱን ወደ ብርሃኑ ቀና አድርጎ ፈገግ ብሎ ነበር።

«ይኸው!» አለ። «አያችሁ? ይሄን ነበር ያልኩት። ውሃውን እዩት! ራፊዩ፣ አንተ ልጅ፣ ተባረክ። ይውጣ!»

ራፊዩ መሬት ላይ በሙሉ ደረቱ ተደፋ። ብዙ ቆየ።

ከዚያ ከበሮው ጀመረ። ግቢው ጸጥ አለ፤ ፊልሙን በየአዳራሹ ያዩ ሰዎች ነበሩና ቦታውን ያውቁታል። አባቴ እጁን አነሣና ጣቱን ዘረጋ።

«በግራ በኩል» አለ። «ከዛፉ ሥር። ያቻት።»

እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ካሴቱ ዛሬ እኔ ጋ ነው። ልባሱ ላይ ያለው የእናቴ ፊት ደህና ነው። ውስጡን እያጫወትኩ ከበሮው ጋ ስደርስ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ መልሼ አይቼዋለሁ፤ ዓይኔ ደህና በነበረበት ጊዜ፣ ከሩቅም፣ ከቅርብም። በግራ በኩል ዛፍ የለም። ሴት የለችም። ነጭ ብቻ ነው፤ በነጩ ውስጥ አንድ ጥላ የመሰለ ነገር ያልፋል። እሱም ጀልባው መሆን አለበት። ያን ቀን አባቴ ምን አይቶ እንደጠቆመ አላውቅም። ጣቱ ግን ትክክለኛውን ቦታ ነበር የያዘው።

ቀጥሎ ያለው ክፍል አያንታዮ ከአህያ ላይ የሚወድቅበት ነው። ያን ምሽት ግቢያችን ውስጥ፣ አህያዋ ስለማትታይ ሰውየው ከባዶ አየር ላይ ሲወድቅ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። የራሱን ፊልም ሳያልቅ ጥሎ ተነሥቶ የማያውቀው አባቴ በዚያ ሳቅ መሐል ከወንበሩ ተነሣ። መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ወደ በሩ መራመድ ጀመረ። እንስራው ከነበረበት ቦታ ሲደርስ ትንሽ ቆመ፤ በእግሩ ጫፍ ዳሰሰ፤ ምንም አልነበረም፤ አለፈ።

የት ትሄዳለህ ያለው የለም። ዞሮ ያየውም የለም። በግድግዳው ሥር ተደርድረው የተቀመጡት ሰዎች ግን፣ እማማ ሱኩራትም፣ አያንታዮም፣ ልጆቹም፣ እየሳቁ፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ፣ እሱ ሲቃረብ አንድ በአንድ እግራቸውን ሰበሰቡ።